ሶፋና አልጋን በጓደኛ ትብብር ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ መላክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ኮንቴይነር ተካፍለን የቤት ዕቃችንን ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ ጫንን። እኔና ሁለቱ ጠቅልለን ልንመለስ ነበር። አራተኛው ለእናቱ ቤት ነው የላከው። ከዚያ ወዲህ "ሶፋዬን ምን ላድርገው?" የሚል ስልክ ሳይደወልልኝ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። የሚጠየቀውም ያው ስለሆነ እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ጋር ስለሚያያዝ። ከጓደኛ ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ መኪናውን፣ ጋራዡን በደስታ ተቀበሉ። ስሙን ግን አትዋሱ። ሰነዱ የየራሳችሁ ይሁን።

ሶፋ የሚሄድ ሰው ላይ መላክ ይቻላል?

አይቻልም። ሰው ላይ የሚላከው ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት 2 ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር። የባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ርዝመት ብቻውን ከዚህ ያልፋል።

በአየር ካርጎ ይቻላል፣ ግን ሒሳቡን ስሙት። አየር ካርጎ ግዙፍና ቀላል ዕቃን የሚያስከፍለው በያዘው ቦታ ነው። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ታባዙና ለ6000 ታካፍላላችሁ። 220 በ95 በ90 የሆነ ሶፋ 313 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ሚዛን ላይ ቢወጣ 50 ወይም 60 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ ለሶፋና ለአልጋ መንገዱ ባሕር ነው።

ሰው ላይ መላክ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ብሎኖቹ። አልጋውንና ጠረጴዛውን ስትፈቱ የወጣውን ብሎን ሁሉ በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ፣ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ጽፋችሁ፣ ከእጅ ሻንጣችሁ ጋር ሳይሆን ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ውሰዱ። የአሜሪካ ብሎን ብዙውን ጊዜ በኢንች ነው፤ አንዱ ከጠፋ መርካቶ ውስጥ ልኩን ማግኘት ፈተና ነው።

ለመሆኑ ያዋጣል?

ሁልጊዜ አያዋጣም። በርካሽ የተገዛ፣ ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ቁምሳጥን አትላኩ። አንዴ ተፈቶ ሲገጠም ብሎኑ የገባበት ቦታ ይፈረፈራል፤ ጉዞውንም አይችልም። ለሰው ስጡት። ጠንካራ እንጨት፣ ጥሩ ፍራሽ፣ የምትወዱት የምግብ ጠረጴዛ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ያረጀ ወንበር ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እኔ የላክሁት ጠረጴዛ ላይ ልጄ ፊደል የቆጠረችበት የእርሳስ ጭረት አለ። ለሱ የከፈልሁት ቆጭቶኝ አያውቅም።

ከመወሰናችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችሁን ሜትር ይዞ ቤቱን እንዲለካላችሁ ጠይቁት። ክፍሉን ብቻ አይደለም። በሩን፣ ደረጃውን፣ ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ። የአሜሪካ ሶፋ ሰፊ ነው፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠባብ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በገመድ በበረንዳ በኩል የተጎተተ ሶፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንደኛው እጀታ ግድግዳው ላይ ተፍቆ ነው የገባው።

አንድ ኮንቴይነር ስንት ቤተሰብ ይይዛል?

ባለ20 ጫማው በውስጡ 5 ሜትር ከ90 ርዝመት፣ 2 ሜትር ከ35 ወርድ አለው፤ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ባለ40 ጫማው 67፣ ቁመቱ ከፍ ያለው ዓይነት ደግሞ 76 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ይኼ በወረቀት ላይ ነው። የቤት ዕቃ ቅርጹ የተለያየ ስለሆነ ክፍተት መተው አይቀርም፣ ስለዚህ ከ76ቱ ላይ 60 ወይም 65 ብትሞሉ ጥሩ ጫናችሁ ማለት ነው።

እኛ አራት ነበርን፣ ለእያንዳንዳችን 15 ሜትር ኩብ ያዝን። አንድ ሶፋ ወደ 2፣ አንድ የኪንግ ፍራሽ ከ1 ትንሽ በለጥ ያለ። ዕቃችሁን ሁሉ ለክታችሁ ደምሩት። ልብ በሉ፣ የቤት ዕቃ ቀላል ስለሆነ ከክብደቱ በፊት ቦታው ነው የሚያልቀው።

ኮንቴይነሩ በማን ስም ይሁን?

እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ሰው "በአንዳችን ስም ይሁን፣ እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን" ብሎ ያልፈዋል። ወንድማማችነቱ እውነት ነው። ጉምሩክ የሚያየው ግን ወረቀቱን ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ማለትም የመርከቡ የጭነት ሰነድ ላይ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ሰው፣ በውስጡ ያለው አራት ሶፋና አምስት አልጋ የማንም ይሁን የማን፣ የዕቃው ሁሉ ባለቤት ሆኖ ነው የሚታየው። ቀረጥ ቢመጣ በሱ ላይ ነው። ያልተመዘገበ ነገር ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። የራሱ ያልሆነውን "የግል መገልገያዬ ነው" ብሎ መፈረም ደግሞ ለጉምሩክ የሐሰት መግለጫ (ዲክላራሲዮን) መስጠት ነው፣ ጓደኛን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አይገባም።

መፍትሔ አለው። የሰው ዕቃ ሰብስቦ የሚልክ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ለኮንቴይነሩ አንድ ጠቅላላ ሰነድ ከመርከብ ድርጅቱ ይቀበላል፣ ከሱ ሥር ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለዕቃ የየራሱን ቢል ያወጣለታል። ሃውስ ቢል ይሉታል። ኮንቴይነሩ አንድ፣ ወረቀቱ አራት። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል። ይጨምር።

እኛን ያተረፈን ይኼ ነው። ከአራታችን አንዱ አንዲት የሚያውቃት ልጅ ደውላ "ወንድሜ፣ አንዲት ካርቶን ብቻ ናት፣ የልጆች ልብስ ናት" ብትለው እሺ አለ። ካርቶኗን አልከፈታትም። ጉምሩኩ በሚያልቅበት ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ስትከፈት ከልብሱ ሥር 11 አዲስ ስልክ ወጣ። የሱ ዕቃ ተያዘ፣ ሳምንታት ቆመ፣ የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥር ነበር። የሦስታችን ዕቃ ግን በየራሳችን ቢል ስለነበረ ወጣ። በአንድ ስም ቢሆን ኖሮ አራታችንም አብረን እንቆም ነበር። እናቱ ዕቃው ይመጣል ብለው ቤቱን ባዶ አድርገው ይጠብቁ ነበር፣ ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ታዲያ "አንድ ካርቶን ጨምሩልኝ" የሚለውን ሰው ምን ልበለው?

ፊት ለፊት ንገሩት። "እከፍተዋለሁ፣ ያለውን አንድ በአንድ እጽፈዋለሁ፣ አዲስ ዕቃ ካለበት አልወስድም።" የታመነ ሰው በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመ ደግሞ ካርቶኑ ባይሄድ ይሻላል።

ድርጅቱን በምን እናምነዋለን?

በሰፈራችን ልጅነት ብቻ አትመኑ። ከአሜሪካ በባሕር ዕቃ የሚያስተላልፍ ድርጅት ከአሜሪካው ፌዴራል የባሕር ንግድ ኮሚሽን ፈቃድ ወይም ምዝገባ ሊኖረው ይገባል፣ ስሙን ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ፈልጎ ማየት ይቻላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ፦ እስከ ጅቡቲ ነው? እስከ ሞጆ ነው? እስከ ቤት ነው? "እስከ ኢትዮጵያ" የሚል ቃል ብዙ ገንዘብ ይደብቃል።

ወጪውን እንዴት እንካፈል?

በሜትር ኩብ። በነፍስ ወከፍ እኩል የተካፈሉ ሰዎች መጨረሻ ላይ ሲኮራረፉ አይቻለሁ፣ አንዱ ሁለት ሶፋ ጭኖ ሌላው አንድ አልጋ ብቻ ከላከ እኩል መክፈሉ እኩልነት አይደለም። የሰነድና የመኪና ወጪው ለሁሉም ስለሆነ እሱን እኩል፣ የባሕሩን በቦታ። እያንዳንዱ ለድርጅቱ በቀጥታ ይክፈልና በስሙ ደረሰኝ ይቀበል። ገንዘብ ያዥ መሾም አያስፈልግም። ከመንገዱ ወጪ ሌላ ለሞጆ የምትሆን ገንዘብ ለየብቻ አስቀምጡ፣ የሚቸግረው እዚያ ላይ ነው።

የመጫኛው ቀን ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ይኼ የደቦ ቀን ነው፣ እንደ ደቦም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ኮንቴይነሩን ይዞ የሚመጣው ሹፌር ብዙውን ጊዜ በነጻ የሚጠብቀው 2 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በሰዓት ያስከፍላል። በ2 ሰዓት ውስጥ የአራት ቤት ዕቃ ለመጫን ዕቃው ሁሉ ከዋዜማው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ማደር አለበት። እኛ የአንዱን ጓደኛችንን ጋራዥ ሞላነው። ወለሉ ላይ 2 ሜትር ከ35 ወርድ በፕላስተር አሰመርንና የቱ ከየቱ ጎን እንደሚቆም እዚያው ደርድረን አየን። ያ ማታ ነው ቀኑን ያዳነው።

ኮንቴይነሩ የሚቆምበትም ቦታ ያስቡ። ባለ40 ጫማው ከነጎታቹ ከ16 ሜትር በላይ ነው፣ የአፓርትመንት ፓርኪንግ ውስጥ አይዞርም። እኛ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ አስፈቅደን ተጠቀምን። ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይርቃል፣ ስለዚህ መወጣጫ ካልተከራያችሁ ፍሪጅ በትከሻ ልታነሱ ነው። መወጣጫና ሁለት ጋሪ ተከራዩ። የጓደኛ ወገብ ከኪራዩ ይበልጣል።

ስምንት ሰው በቂ ነው። ሦስት ውስጥ የሚደረድሩ፣ አራት የሚያመላልሱ፣ አንድ ዝርዝር ብቻ የሚይዝ። ዝርዝር ያዡ ምንም አያነሳም። እኛ ዘንድ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ ጋሼ ካላነሳሁ ብለው አስቸገሩን። "ጋሼ፣ እርስዎ ዝርዝሩን ይያዙልን፣ ከእርስዎ ሌላ የምናምነው የለም" አልናቸው። እውነትም ነበር። ቁጥር ያልተጻፈበት አንዲት ካርቶን አላሳለፉም።

አደራደሩ ላይ፦ ከባዱ ከታች፣ ግራና ቀኙ ተመጣጥኖ። ሶፋ በቁሙ። ፍራሽ ከጎን፣ እንደ ትራስ ሆኖ ሌላውን ይጠብቃል። የመጨረሻውን ረድፍ በገመድ እሰሩት፣ አለዚያ በሩ ሲከፈት ሰው ላይ ይወድቃል። በየደረጃው ፎቶ አንሱ። በሩ ሲታሸግ የማሸጊያውን ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩም ቢሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን።

ምሳው ከጭነቱ በኋላ ይሁን። ክትፎ የበላ ሰው ቁምሳጥን አያነሳም።

እንዴት ይታሸግ?

የቆዳ ሶፋን ቀጥታ በላስቲክ አትጠቅልሉ። ለወራት ሲታፈን ላብ ይይዛል፣ ይሻግታል። መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ካርቶን። እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ኮንቴይነሩ ውስጥ ስቀሉ። እንጨቱን ደግሞ ሲደርስ ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ የሜሪላንድን እርጥበት የለመደ ጠረጴዛ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የበጋ አየር ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ይልመድ።

አናጺ ጓደኛ ካላችሁና "ሳጥን ልሥራልህ" ካለ፣ ከጥሬ ጣውላ እንዳይሆን። ለዓለም አቀፍ ጉዞ የሚሆን የማሸጊያ እንጨት ተባይ እንዳይዝ መታከም አለበት፦ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ የሞቀ፣ "ኤች ቲ" የሚል ማኅተም ያለበት። ፓሌትም እንደዚያው። ሶፋው ራሱ በዚህ አይጠየቅም።

ምን አይጫን?

የጋዝ ሲሊንደር፣ ቀለም፣ ነዳጅ የነካው ማሽን፣ ከዕቃ የተለየ ሊቲየም ባትሪ። እነዚህ እሳት ናቸው።

የኤሌክትሪክ ዕቃም አስቡበት። አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፣ ኸርዙን አይቀይርም፣ ስለዚህ የልብስ ማጠቢያና የፍሪጅ ሞተር ይቸገራል። በኤሌክትሪክ ቁልፍ የሚዘረጋ ሶፋ ካላችሁ አስማሚው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካለ ሶኬቱን መቀየር ብቻ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እኛን ከ4 ወር በላይ ፈጀብን። የጫንነው ልክ መርከቦች ቀይ ባሕርን መሸሽ በጀመሩበት ወር ነበር። በስዊዝ ቦይ ይሄዳል የተባለው ዕቃ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ፣ ኦማን ሳላላ ላይ መርከብ ቀይሮ ጅቡቲ ገባ። በዚያ መዞር ብቻውን ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጨምራል። ከጅቡቲ በኋላ ደግሞ በመኪና ወይም በባቡር ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆ አዲስ አበባ ሌላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ። እናንተ ስትደርሱ ዕቃው የሚጠብቃችሁ እንዳይመስላችሁ። ፍራሽ የሚያውስ ጓደኛ ከአሁኑ ያዙ።

ቀረጥ እንከፍላለን?

ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው የቤት ዕቃ የራሱ መመሪያ አለው፣ መመሪያውም ይሻሻላል። ከመጫናችሁ በፊት ዋሽንግተን ያለውን ኤምባሲና የጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። "ጓደኛዬ አምና እንዲህ ነበር ያለኝ" ማለት አይሠራም። ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ደግሞ እንዳሻችሁ የምትሸጡት አይደለም።

መብቱ ከሌላችሁ ቀረጡ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮበት ነው። ከዚያ ቀረጡ ይጨመርና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ዝርዝራችሁ ላይ "ያገለገለ" የሚለውን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ጻፉ፣ ዋጋውንም በእውነት። የቆየ ደረሰኝ ካላችሁ አትጣሉ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛ ሊቀበልልን ይችላል?

ይችላል፣ ውክልና ካለው። ውክልናው ኤምባሲ ቀርቦ ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ጊዜ ይወስዳል። መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ጨርሱት፣ ዕቃው ሞጆ ተቀምጦ ውክልና መጠበቅ በየቀኑ ኪራይ መክፈል ነው። "ጉምሩክ ጨርስ፣ ዕቃ ተረከብ" የሚል ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት።

ጓደኛውን ብቻውን አትላኩት። የታወቀ ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ያዙለት፣ የሚከፍለውንም ገንዘብ ቀድማችሁ ላኩ። ሰው ለጓደኛው ብሎ ሥራውን ትቶ ሞጆ ሲመላለስ ከኪሱ ማውጣት የለበትም። የሰፈሩን ጫኝና አውራጅም ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ያነጋግር። ዋጋው አይሱዙው በር ላይ ከቆመ በኋላ አይወርድም።

ቢሰበርስ?

ኢንሹራንስ ግዙ፣ ግን ውሉን አንብቡ። ራሳችሁ ያሸጋችሁትን ካርቶን ብዙ ኢንሹራንሶች የሚክሱት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ውስጡ ተሰባብሮ ቢገኝ አይክሱም። ስለዚህ መስተዋቱንና የቡፌውን ብርጭቆ ለባለሙያ ስጡ፣ የቀረውን በጓደኛ አሽጉ። ሌላም ምክንያት አለ። መርከብ አደጋ ሲገጥመው መርከቡን የማዳን ወጪ ለባለጭነቶቹ ሁሉ ሊከፋፈል ይችላል። መጋቢት 2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የስዊዝን ቦይ ለ6 ቀን የዘጋው ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ላይ የሆነው ይኼ ነው። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ድርሻውን ኢንሹራንሱ ይሸፍንለታል።

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ መላክስ?

መሶብ፣ የጅማ በርጩማ፣ የአያት ወንበር የሚጠይቁኝ አሉ። መሶብ ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል፤ ክዳኑን ገልብጣችሁ ውስጡን በልብስ ሙሉት። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ አይፈታም፣ ስንጥቅና ነቀዝ እንዳለው ደህና አድርጋችሁ እዩት፤ ትንሽ የእንጨት ብናኝ ሥሩ ካያችሁ አትላኩት። ያረጀ ከመሰለ ደግሞ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አውጡ። የአያታችሁ መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ፣ ኤርፖርት ያለው ፈታሽ ግን የሚያየው አሮጌ የተፈለፈለ እንጨት ነው። ወረቀቱን ፎቶ ከነበርጩማው አንሱና አንዱን ቅጂ ለሚልክላችሁ ጓደኛ፣ አንዱን ለራሳችሁ ያዙ።